ሁለት ምስክር የሚያሻው ዘይት



እስቲ ሁላችንም አንድ ጊዜ ወደየቤታችን መደርደሪያ መለስ ብለን እንመልከት። ከዘምዘሙ ጀሪካንና ከጥቁር አዝሙዱ ብልቃጥ አጠገብ አንድ የወይራ ዘይት ጠርሙስ አይታያችሁም? ማን አመጣው? ከጅዳ ወይም ከዱባይ የተመለሰ ዘመድ፣ ካልሆነም ከዑምራ የመጣ ጎረቤት። መቼ ተከፈተ? አልተከፈተም፤ ተከፍቶም ከሆነ የታመመ ሰው ለማሸት ጥቂት ጠብታ ተወስዶለታል። ከዚያ ወዲህ በክብር ቆሟል።

የአክስቴም ጠርሙስ እንዲሁ ነበር። ልጃቸው ከጅዳ ስትመለስ ያመጣችላቸው ነው። መስኮት አጠገብ ባለው መደርደሪያ ላይ ሁለት ረመዳን አሳልፎ፣ በሦስተኛው ረመዳን የከበረ እንግዳ መጣና ለኢፍጧር በቀረበው ፉል ላይ እንዲፈስ ተወሰነ። አክስቴ ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ። ፊታቸው ተለወጠ፤ ነገር ግን ምንም ሳይሉ በፉሉ ላይ አፈሰሱት። እንግዳው ከሄደ በኋላ ለምን ዝም እንዳሉ ብጠይቃቸው፣ «ሽታውስ የከረመ ቅቤ ሽታ ነው ልጄ። ግን የተባረከ ዘይት ነው፤ ወረቀቱም ኤክስትራ ይላል አላችሁኝ። እኔ ማን ነኝና?» አሉኝ።

ይህ ጽሑፍ የሚተቸው ያችን «እኔ ማን ነኝና» የምትል ቃል ነው። ምክንያቱም እኚሁ አክስቴ ቅቤ ተራ ሲሄዱ የሚያታልላቸው ነጋዴ አልተፈጠረም። በጣታቸው ጫፍ ቆንጠር ያደርጋሉ፣ መዳፋቸው ላይ ያሹታል፣ ያሸታሉ፣ ምላሳቸው ላይ ያደርጋሉ። ለጋው የትኛው፣ መካከለኛው የትኛው፣ በሳሉ የትኛው እንደሆነ ያውቃሉ። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን ገና ሲቀልጥ ይለዩታል። ለጋውን ለክትፎና ለጨጨብሳ፣ በሳሉን አንጥረው ለወጥ ይመድባሉ። ይህ ሁሉ ዕውቀት ያላቸው ሴት አንድ የታተመ ወረቀት ፊት ሲቆሙ አፍንጫቸውን ከዱት። ለመሆኑ ይህ የእሳቸው ብቻ ጠባይ ነውን? አይደለም፤ የሁላችንም ነው።

ማባያ እንጂ የመደርደሪያ ጌጥ አይደለም

ወይራ በቁርኣን ውስጥ በተለያየ ቦታ ተወስቷል። በሱረቱ-ት-ቲን መጀመሪያ መሐላ ተምሎበታል፤ በሱረቱ-ን-ኑር 35ኛው አንቀጽ ዘይቱ በብርሃን ምሳሌ ውስጥ ገብቷል። ለዛሬው ርዕሳችን ግን ይበልጥ የሚቀርበው የሱረቱል ሙእሚኑን 20ኛው አንቀጽ ነው። እዚያ ከሲና ተራራ ስለሚወጣ ዛፍ ይነገራል፤ ሙፈሲሮች ወይራ እንደሆነ ያስረዳሉ። ዛፉ ዘይት ማስገኘቱ ብቻ ሳይሆን ለተመጋቢዎች ማባያ መሆኑም ተገልጿል። ለማባያው የገባው የዐረብኛ ቃል «ሲብግ» ነው። ቃሉ ከማቅለም ጋር አንድ ሥር አለው፤ ዳቦ ሲነከርበት ቀለሙን ስለሚይዝ ነው ይላሉ ሊቃውንቱ።

እንግዲህ አስተውሉ። የተወሳው ዳቦ የሚነከርበት፣ በምግብ ላይ የሚፈስ፣ በማዕድ መካከል የሚቀመጥ ነገር ነው። የወይራ አገር ሰዎችም የሚያውቁት እንዲሁ ነው። በፍልስጤም ጥቅምትና ኅዳር ላይ ወይራው ሲለቀም ቤተሰቡ በሙሉ ወደ ማሳ ይወጣል። አዲሱ ዘይት ከመጭመቂያው እንደመጣ ሙሰኸን ይሠራል፤ ዳቦው በዘይት ርሶ፣ በብዙ ሽንኩርትና በሱማቅ የበሰለ ዶሮ ይደረግበታል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ዳቦ መጀመሪያ ዘይት፣ ቀጥሎ ዘዕተር እየነካ ይበላል። እዚያ ዘይት ሁለት ረመዳን ቆሞ አይጠብቅም።

እኛ አገር ወይራ ጠፍቶ አይደለም። የእኛው ወይራ የዚያው የሜዲትራንያኑ ዛፍ የቅርብ ዘመድ፣ በአንድ ዝርያ ሥር የሚመደብ ነው። ሆኖም ፍሬው ትንሽ፣ ሥጋውም ስስ ነው። ስለዚህ እናቶቻችን የወተት ዕቃ አጠኑበት፣ አባቶቻችን ዱላና መፋቂያ ቆረጡለት፤ ዘይቱን ግን የምናውቀው በጠርሙስ ከውጭ ሲመጣ ብቻ ነው። በእጃችን ያላደገን ነገር ደግሞ በወረቀቱ ከማመን በቀር ምርጫ የለንም ብለን ተቀመጥን።

ወረቀቱን እናንብብ

ወረቀቱን ማመን ካልቀረ እንግዲያው በደንብ እናንብበው። እንደ ማንኛውም ጽሑፍ የሚናገረውና የሚሸሽገው አለው።

«ኤክስትራ ቨርጂን» የሚለው ዋነኛው ደረጃ ነው። ፍሬው ተፈጭቶ፣ ተቦክቶ፣ ያለ ኬሚካል በመሣሪያ ብቻ የወጣ ዘይት ማለት ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ በማድሪድ የሚገኘው የዓለም አቀፉ የወይራ ምክር ቤት መለኪያ እንደሚለው፣ በ100 ግራም ዘይት ውስጥ ያለው ነጻ አሲድ ከ0.8 ግራም መብለጥ የለበትም። ከዚህ ዝቅ ያለው «ቨርጂን» እስከ 2 ግራም ይፈቀድለታል። ይህ አሲድ እንደ ሎሚ በምላስ የሚታወቅ አይደለም፤ ፍሬው ተጎድቶ ወይም ከተለቀመ በኋላ ሳይጨመቅ ቆይቶ እንደነበር በላቦራቶሪ የሚያጋልጥ ምልክት ነው።

«ፒዩር» ወይም እንዲያው «ኦሊቭ ኦይል» የሚለውስ? እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ያሳስተናል። በእኛ ዘንድ «የተጣራ» ማለት የተመሰገነ ማለት ነው፤ የተነጠረ ቅቤ ይከብራል፣ የተጣራ ማር ይወደዳል። በወይራ ዘይት ዓለም ግን ማጣራት የሚያስፈልገው ሽታውና ጣዕሙ ተበላሽቶ እንዳለ ሊበላ ለማይችል ዘይት ነው። በፋብሪካ አሲዱ፣ ቀለሙና ሽታው ይወገድለታል፤ ከዚያ ጣዕም እንዲኖረው ጥቂት ቨርጂን ይጨመርበታል። መርዝ አይደለም፤ ለድስት የሚሆን ደህና ዘይት ነው። ስሙ ግን ንጹህ ስለሚል ብዙ ሰው ከኤክስትራው የበለጠ መስሎት ይገዛዋል።

«ላይት» የሚለው ደግሞ ጣዕሙና ቀለሙ ቀለል ያለ ማለት እንጂ ስቡ የቀነሰ ማለት አይደለም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ላይትም ተባለ ኤክስትራ፣ ወደ 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ሐኪም ስብ ቀንሱ ያላቸው አባቶች ይህንን ቃል አምነው ሁለት እጥፍ ሲያፈሱ ማየት ያሳዝናል።

«ፖሜስ» የሚለውን ለመረዳት የኑግ ፋጉሎን ማሰብ በቂ ነው። ወይራው ከተጨመቀ በኋላ በሚቀረው ፋጉሎ ውስጥ ያለው ቅባት በኬሚካል ማሟሟያ ወጥቶ ይጣራል። ሕጋዊ ነው፤ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዋጋውም ሌላ መሆን አለበት። ስሙ በደቃቅ ፊደል፣ የወይራው ሥዕል ግን በትልቁ ሲታተም ነጋዴው ምን እንደፈለገ ለማወቅ አያስቸግርም።

«መጀመሪያ የተጨመቀ» የሚለው ኩራትም አለ። ዛሬ አብዛኛው ዘይት የሚወጣው በመጭመቂያ ሳይሆን በፍጥነት በሚሽከረከር ማሽን ስለሆነ ሁለተኛ ጭማቂ የሚባል ነገር እምብዛም የለም። «በቅዝቃዜ የወጣ» የሚለው ግን ትርጉም አለው፤ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት ሙቀቱ ከ27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሆኖ የተሠራ ማለት ነው።

ከክምሩ ሥር ያለው

ውድ አንባቢያን፣ ስለ አንድ ጠርሙስ ይህን ያህል መናገር ምን ያስፈልጋል ትሉ ይሆናል። ጉዳዩ የጣዕም ብቻ ቢሆን ኖሮ እውነት ነበራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. ግንቦት ወር በስፔን፣ በማድሪድ አካባቢ ሰዎች ባልታወቀ በሽታ መውደቅ ጀመሩ። ሲመረመር መንስኤው ዘይት ሆኖ ተገኘ። ለፋብሪካ ሥራ ብቻ እንዲውል አኒሊን የሚባል ኬሚካል የተጨመረበት የጎመን ዘር ዘይት ከፈረንሳይ ገብቶ፣ እንደገና ተጣርቶ፣ የወይራ ዘይት ነው ተብሎ በየሰፈሩ በሚዞሩ ሻጮች በአምስት ሊትር ጀሪካን ይሸጥ ነበር። መለያ ወረቀት አልነበረውም። የገዙት በአብዛኛው ርካሽ ዘይት የፈለጉ የሠራተኛ ቤተሰቦች ነበሩ። ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ ሰው ታመመ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብቻ ከ300 በላይ ሞቱ። ከተረፉትም ብዙዎቹ ዕድሜ ልካቸውን የሚከተላቸው የነርቭና የጡንቻ ሕመም ቀረባቸው።

ይህን ያህል የከፋው ሁልጊዜ አይደርስም። የተለመደው ማታለል ቀለል ያለ ነው፤ የማይገድል፣ ግን ኪስ የሚያወልቅ። እ.ኤ.አ. በ2010 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዴቪስ የተደረገ ምርመራ ከውጭ ገብተው ኤክስትራ ቨርጂን ተብለው ከሚሸጡ ናሙናዎች 69 በመቶው በጣዕምና በሽታ ፈተና ለስማቸው እንዳልበቁ አሳይቷል። ጥናቱን በከፊል በገንዘብ የደገፉት የካሊፎርኒያ ዘይት አምራቾች መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም፤ የተቀናቃኝ ምስክርነት በጥንቃቄ ይሰማል። ሆኖም ብዙ ዘይት በጉዞና በመደርደሪያ ላይ እንደሚያረጅ የሚክድ የለም። ዋጋው ሲወጣ ደግሞ ፈተናው ይብሳል። በስፔን በድርቅ ምክንያት በ2021/22 ወደ 1.5 ሚሊዮን ቶን የነበረው ምርት በ2022/23 ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር፤ ዋጋውም ተሰቅሎ በ2024 መጀመሪያ ከዚያ በፊት ያልታየ ደረጃ ደረሰ። እንዲህ ባለ ጊዜ መቀላቀል የሚያተርፈው ሰው ይበዛል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ አንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን እንዳስገቡና ከሥሩ እርጥበት እንዳገኙ ሙስሊም ዘግበውታል። ሻጩ ዝናብ እንደመታው ሲናገር፣ ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ አታላይም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ አስታወቁ። ብዙ ጊዜ ይህን ሐዲሥ የምንጠቅሰው ሻጩን ለመገሠጽ ነው። ግን በክምሩ ውስጥ የገባችውንም እጅ እናስተውል። ከላይ የሚታየውን ደረቅ እህል አይቶ ማለፍ ይቻል ነበር። ጠርሙሱ ላይ ያለው ወረቀት የክምሩ የላይኛው ክፍል ነው። እጃችንን ማስገባት የእኛ ድርሻ ነው።

ሁለተኛው ምስክር

ደስ የሚለው ነገር፣ ሕጉም ራሱ በአንድ ምስክር አልረካም። የአውሮፓ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1991 ካወጣው ደንብ ወዲህ አንድ ዘይት ኤክስትራ ቨርጂን ለመባል የላቦራቶሪ ምርመራ ማለፍ ብቻ አይበቃውም፤ የሠለጠኑ ቀማሾች ጉባኤም ጉድለት እንደሌለበት መመስከር አለበት። ቀማሾቹ ከ8 እስከ 12 ይሆናሉ። ዘይቱን 28 ዲግሪ ገደማ ሞቅ አድርገው የሚቀምሱት ባለቀለም ብርጭቆ ነው። ለምን ባለቀለም? ቀለሙ እንዳያሳስታቸው ነው። እንግዲህ አረንጓዴ የሆነውን ሁሉ ምርጥ ነው ብለን የምንገዛ ሰዎች፣ ዳኞቹ ማየት እንኳ ያልፈለጉትን ነገር መለኪያ አድርገን ኖረናል። ፍሪጅ ውስጥ ከረጋ እውነተኛ ነው የሚባለውም እንዲሁ አስተማማኝ አይደለም፤ መርጋትና አለመርጋት በዘይቱ ውስጥ እንዳለው የስብ ዓይነት ይለያያል።

ቀማሾቹ የሚፈልጉት ሦስት መልካም ነገር ነው፤ የፍሬ ሽታ፣ መምረርና ጉሮሮን መቆንጠጥ። ትኩስ የታጨደ ሣር፣ አረንጓዴ ቲማቲም፣ የለውዝ ሽታ ቢሸታችሁ መልካም ነው። መረር ቢል አትደንግጡ። ጉሮሯችሁን ቆንጥጦ ቢያስላችሁ ደግሞ አታባርሩት። እ.ኤ.አ. በ2005 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ያንን ቁንጥጫ የሚፈጥረው ኦሊዮካንታል የተባለ ንጥረ ነገር እንደሆነና እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ጠባይ እንዳለው ገልጿል። በእኛ ዘንድ ግን «ይመራል፣ ተበላሽቷል» ተብሎ ጥሩው ይመለሳል፤ የከረመው ለስላሳ ዘይት ይመሰገናል።

መጥፎውን መለየት ለእኛ አዲስ አይደለም። የከረመ ቅቤ፣ የሻገተ ለውዝ፣ እርጥበት የነካው ከረጢት፣ ኮምጣጤ የሚመስል ሽታ ካለው ጉድለት አለበት። አክስቴ በአንድ ማሽተት ያገኙት ይህንኑ ነበር። ሠልጣኝ ቀማሽ የሚሰጠውን ፍርድ ሰጥተው ነበር፤ ያልጻፉት ብቻ ነው።

ይህ ማለት ግን ወረቀቱ ይጣል ማለት አይደለም። የስፔኑ መከራ የመጣው ወረቀት በሌለው ጀሪካን ነበር። መጀመሪያ ወረቀቱ ይመስክር፤ ደረጃው፣ የተመረተበት አገር፣ ቢገኝ ፍሬው የተለቀመበት ዓመት። ቀጥሎ ዕቃው ይታይ፤ ጥቁር ጠርሙስ ወይም ቆርቆሮ ከነጭ ጠርሙስ ይሻላል፤ ፀሐይ ከሚመታው መስኮት የተነሣ አይገዛ። ብርሃን፣ አየር፣ ሙቀትና ጊዜ አራቱ የዘይት ጠላቶች ናቸው። ዘይት ሲቆይ አይሻሻልም። ከዚያ በኋላ አፍንጫና ምላስ ሁለተኛ ሆነው ይመስክሩ።

ለድስቱና ለሳህኑ

አሁን ወደ ማዕድ ቤት እንግባ። አክስቴ ለጋውንና በሳሉን ቅቤ እንደሚለዩት ሁሉ፣ የወይራ ዘይትም ለድስቱና ለሳህኑ ይለያል።

«የወይራ ዘይት እሳት ሲነካው መርዝ ይሆናል» የሚል ወሬ በሰፊው ይነገራል። ትክክል አይደለም። ከስፔን እስከ ፍልስጤም ያሉ ሕዝቦች በወይራ ዘይት ሲጠብሱ ኖረዋል። መልካም ኤክስትራ ቨርጂን መጨስ የሚጀምረው በአብዛኛው ከ190 እስከ 210 ዲግሪ ላይ ሲሆን፣ መጥበሻ በተለምዶ ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ይበቃዋል። የሚጎዳው ጤናችን ሳይሆን ገንዘባችን ነው። ያ የከፈልንበት የፍሬ ሽታ በእሳት ይተናል። ስለዚህ ሽንኩርት ለማቁላላት «ፒዩር» የሚባለው ወይም ዋጋው መጠነኛ የሆነ ኤክስትራ ይበቃል። ሳምቡሳ በሚጠበስበት ጥልቅ ድስት ውስጥ ውድ ዘይት ማፍሰስ ግን ብክነት ነው፤ አላህ ደግሞ አባካኞችን አይወድም። አቅም ካጠረም ድስቱ በኑግ ወይም በሱፍ ዘይት ይሠራ፤ ማንም አይወቅሳችሁም።

ጥሩው ዘይት ቦታው ድስቱ ከወረደ በኋላ ነው። ፉሉ ሳህን ላይ ሲወጣ፣ ቲማቲሙና ቃሪያው ከተበተነበት በኋላ ይፍሰስበት። የምስር ሾርባው ሲቀርብ አንድ ማንኪያ ይጨመርበት። ለእነዚህ መረር የሚለውና የሚቆነጥጠው ይስማማል፤ የስፔኑ ፒኩዋል፣ የጣልያኑ ኮራቲና፣ የግሪኩ ኮሮኔኪ እንዲህ ዓይነት ናቸው። ለዓሣ፣ ለእንቁላልና ለሰላጣ ለስለስ ያለው አርቤኪና ይሻላል። ከትልቅ ጠርሙስ ይልቅ ትንሽ ገዝቶ፣ ከተከፈተ በኋላ በአንድ ሁለት ወር ውስጥ መጨረስ ያዋጣል። ከምድጃው አጠገብ ሳይሆን ጨለማና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ይቀመጥ።

ስለ መድኃኒትነቱም አንድ ቃል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘይቱ እንዲበላና እንዲቀቡት ማበረታታታቸው፣ ዛፉም የተባረከ መሆኑ ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲሥ ይገኛል። ይህን ይዘው ግን ስኳርን፣ ካንሰርንና መካንነትን በአንድ ብልቃጥ እንፈውሳለን የሚሉ በራሪ ወረቀቶች በየሱቁ ይበተናሉ። በረከት የነጋዴ ማስታወቂያ አይደለም። በስፔን ከ7 ሺህ በላይ ለልብ ሕመም የተጋለጡ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 ወጥቶ ነበር። በአመዳደቡ ስሕተት በመገኘቱ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አንስተው፣ በ2018 አርመው ዳግም አሳተሙት። በኤክስትራ ቨርጂን ዘይት ወይም በለውዝ ዓይነቶች የታገዘ የሜዲትራንያን አመጋገብ የልብና የአንጎል አደጋን እንደቀነሰ ያሳያል። አስተውሉ፤ የተጠናው ሙሉ ማዕድ ነው፤ አትክልቱ፣ ጥራጥሬው፣ ዓሣው ከዘይቱ ጋር። ስሕተታቸውን በአደባባይ ያረሙት ሰዎች ያሉት ይህን ብቻ ከሆነ፣ ስሙ የማይታወቅ በራሪ ወረቀት ከዚህ በላይ ሲምል ለምን እናምነዋለን?

በመጨረሻም፣ ዘይት የምትነግዱ ወንድሞችና እኅቶች፣ እርጥቡን እህል ከላይ አድርጉት። ፖሜሱን ፖሜስ፣ የተጣራውን የተጣራ ብላችሁ ሽጡ፤ የቆየውን አሳውቁ፤ ጠርሙሱን ከፀሐይ አንሡ። የምትገዙም፣ አፍንጫችሁን አትናቁ።

አክስቴ ያንን ጠርሙስ መጨረሻ ላይ ለማሻሸት እንዲሆን ከምግብ ለይተው አስቀመጡት። በቀጣዩ ረመዳን ግማሽ ሊትር በቆርቆሮ ገዝተን ወሰድንላቸው። በማንኪያ ቀምሰው አሳላቸው። ጠጋ ብለን ስንጠብቅ፣ «ይኼስ ለጋ ነው» አሉና ፉሉን እንድናቀርብ አዘዙን።

አላህ ሐላሉን ከሐራሙ፣ እውነቱን ከሐሰቱ የምንለይበት ማስተዋል ይስጠን። ወላሁ አዕለም።